ድምፁ የተቋረጠበት የገበያ ቀን

ባሌ ሥራው ላይ በደኅና መድረሱን የማውቀው አራዳ መካከል እንጨት ላይ ከተሰቀለ መለከት ነበር። ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው አሁን ልለየው አልችልም፣ አደባባዩ ላይ ረጅም ግንድ አቆመና ጫፉ ላይ አፈ ሰፊ የብረት መለከት ሰቀለ። ከዚያ መለከት ረፋዱ ላይና ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በአማርኛ ወሬ ይነገራል። የሚናገረው ባሌ ነበር።

የምንኖረው ከአራዳ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ነፋሱ ከላይ ሲነፍስ ቃሉ አንድም ሳይቀር ይሰማል፤ ከታች ሲነፍስ ግን ድምፁ ብቻ ይደርሰናል እንጂ ቃሉ አይለይም። ለእኔ ድምፁ ይበቃኝ ነበር። የሮማው ንጉሥ ምን አለ፣ የትኛው መንገድ ተሠራ፣ የትኛው ሹም ገባ፣ ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። የማዳምጠው አተነፋፈሱን ነው። ቸኩሎ ሲያነብ ዛሬ አስፈራርተውት ይሆን እላለሁ። ሰዓቱ አልፎ መለከቱ ዝም ሲል ደግሞ የያዝኩትን ጥዬ ደጅ እቆማለሁ።

ፈልጎ የገባበት ሥራ አልነበረም። ባሌ የዜማ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የተማረ ደብተራ። አባቴ እኔን የዳሩለት ድምፁን ሰምተው ነው። አንድ የጥምቀት በዓል ከወገራ ወርደው ቀሐ ላይ ታቦታቱ ባሉበት ሲዘምር ሰሙትና የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ቤት ሲመለሱ ለእናቴ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ውሸት አይወጣም አሏት። እናቴ ሳቀችባቸው፤ እሳቸው ግን ሽማግሌ እስኪላክ እንኳ አላስቻላቸውም፣ ራሳቸው ሰው ላኩበት።

መለከቱ እንደተተከለ መጀመሪያ ያነብ የነበረው ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ ነበር። አማርኛው ደኅና ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ቃል ከጉሮሮው ጠንክሮ ስለሚወጣ የአራዳ ሰው ግንዱ ሥር ቆሞ ይስቅበት ጀመር። የተሳቀበት ወሬ ደግሞ አይታመንም። ጣሊያኖቹ ይህ ሲገባቸው የአገሩን ልጅ ፈለጉ። ማን ድምፅ እንዳለው ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ አስተርጓሚው ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ቤት መጣ።

ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጨዋ ሰው ይመስላል። ጌቶቹ ባሌን እንደሚፈልጉት፣ ሥራው ማንበብ ብቻ እንደሆነ፣ ደመወዝም እንዳለው በዝግታ አስረዳ። ባሌ አዳምጦ ሲያበቃ፣

«እምቢ ካልኩስ?» አለው።

አስተርጓሚው እኔን አየኝ። «ሚስትህ ገና ልጅ ናት» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ባሌ ሄደ። ሲመለስ ያየውን ነገረኝ። ክፍሉ በግምጃ የተለበጠ ነው አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ወንፊት የመሰለ ብረት ቆሟል፤ እዚያ ብረት ላይ የተነፈሱት ሁሉ ውጭ ይሰማል። አስተርጓሚው አጠገቡ ተቀምጦ የዚያኑ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ ይዞ ቃል በቃል ይከታተላል። አንድ ቃል የጨመረ ወይም የቀነሰ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ተነግሮታል።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ተለወጠ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ማንም አልሰደበኝም፤ እንስራዬን ሊያሸክመኝ የሚነሣ ሰው ግን ጠፋ። ከደብሩም የማሕሌቱ አለቃ ባሌን ጠርተው ለጊዜው ዕረፍ አሉት። እሺ ብሎ መቋሚያውን ይዞ መጣና ጥግ ላይ አቆመው። ያን ቀን እራት አልቀመሰም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር ነበር። ወንድሜ ጎንደር በተያዘች ሰሞን ሸፍቶ ነበር። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከወገራ እስከ አዲ አርቃይ ባለው ገደላ ገደል እየተሸሸገ፣ በአዲሱ መንገድ የሚያልፈውን ማኪና ይመታል። ስሙን ጣሊያኖቹ ያውቁታል፤ የእኔ ወንድም መሆኑን ግን አያውቁም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጥ ሰው፣ ቅቤውን እያሸተትኩ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ወንድሜ እንደላከው ነገረኝ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ባልሽ አፉን ይሰብስብ፣ እሱ ካልሰበሰበ እኛ እንሰበስብለታለን።

ቅቤውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለባሌ መንገሩን ፈርቼ ነበር፤ አለመንገሩ ግን ባሰብኝ። ሰው ፊት ስንሆን አንቱ እለው ነበር፣ ለብቻችን ስንሆን ግን አንተ ነበር የምለው። «ይገድሉሃል» አልኩት።

ወንድምሽ እውነቱን ነው አለኝ። ነገር ግን ዛሬ ዝም ቢል ጣሊያኖቹ ለምን ማለት እንደሚጀምሩ፣ ለምን ማለት ከጀመሩ ደግሞ እኔ የማን እህት እንደሆንኩ እንደሚደርሱበት አስረዳኝ። ስለዚህ እሱ ማንበቡን ቀጠለ፣ እኔም ደጅ መቆሜን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በር ላይ ብቅል አስጥቼ ዶሮ እየከለከልኩ ነበር። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሆዴ ገና መታወቁ ነበር። ነፋሱ ከላይ ይነፍሳል። መለከቱ ጀመረ፤ ባሌም ስለ መንገድና ስለ ጤና የተለመደውን ሲያነብ ቆየና ድንገት የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠራ። በወገራ ሸፍቶ የነበረው እገሌ የእገሌ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እጁን ለመንግሥት ሰጠ፤ ምሕረትም ተደረገለት፤ ዘመዶቹ ወደ ጎንደር መጥተው ይረከቡት። የሁለቱን ጓደኞቹንም ስም ጨመረ።

ብቅሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሕያው ነው ብዬ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም። ግን ይህን ያለው ባሌ ነው። በዚያ ድምፅ ሲነገር እኔ እንኳ፣ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው የማውቀው ሰው፣ ማመን ዳዳኝ።

ባሌ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እውነት ነው?» አልኩት።

«ውሸት ነው።»

«በምን አወቅህ?»

አንብቦ ሲጨርስ አስተርጓሚው የዚህ ሽፍታ አባት ወገራ ውስጥ የት ነው የሚቀመጡት ብሎ ጠይቆት ነበር። ባሌም እኔ የወገራን ሰው አላውቅም ብሎ መለሰ። ልጁ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ የአባቱን ቤት ከእኔ ይጠይቁ ነበር ወይ አለኝ። የሚፈልጉት ወላጆቹን ነው። እነሱን ይዘው ልጆቹን ሊያስወጡ ነው።

ይባስ ብሎ ሌላ ነገር ነበር። መለከቱን በከባድ ማኪና ላይ ጭነው በየገበያው ሊያዞሩት ነው፤ የሚጀምሩት ከአምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ባሌም አብሮ ይሄዳል። አምባ ጊዮርጊስ የአባቴ ገበያ ነው። አባቴ የገበያ ቀን ቀርተው አያውቁም። የማኪናውን ወሬ ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ ምራቃቸውን ተፍተው ያልፉ ነበር። የባሌን ድምፅ ከሰሙ ግን በቅሏቸውን ጭነው በማግሥቱ ጎንደር እንደሚገቡ ሁለታችንም አውቀናል።

ሌላ ሰው መላክ አልቻልንም፤ ማንን እናምናለን? ባሌ እንዲህ ሆነሽ አትሄጂም አለኝ። ከእኔ በቀር ሰው ካለ ጥራልኝ አልኩት።

ወለቃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናና ምጣድ ከእሷ ነበር የምገዛው፤ ባሌ መለከቱ ላይ ማንበብ ከጀመረ በኋላም ፊቷን ያላዞረችብኝ እሷ ብቻ ነች። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሸክላዋን በአህያ ጭና እንደምትወጣ አውቅ ነበር። ሄጄ አብሬያት ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ኬላው ላይ ምን እንደምትዪ ግን አሁኑኑ አስቢ አለችኝ።

ከገበያው ቀን አንድ ቀን አስቀድመን ማለዳ ተነሣን። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ለብሼ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ነበር። ለልቅሶ የምትሄድን ሴት ማንም አያቆምም ብዬ ነው። ከወለቃ በላይ ያለው ኬላ ስንደርስ ግን የጣሊያን ሐበሻ ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ አቆሙን። ሸክላውን አስወርደው አንድ በአንድ እያነሡ አዩ። አንዱ እኔን ማን ሞቶብሽ ነው አለኝ። ሌላ ሰው ላስብ ብሞክር አልመጣልኝም።

«ወንድሜ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እንባዬ መጣ። ሕያው ሰው ላይ ሞት ጠራሁበት። አስካሪው እንባዬን አይቶ እግዜር ያጽናሽ አለኝ፤ ነገር ግን አላሳለፈንም። አለቃቸው እስኪመጣ ድረስ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። አለቃቸው የመጣው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መንገዱን ሁሉ ስንሮጥ ብንውልም ያሰብነው ቦታ ሳንደርስ መሸብን፤ ኮሶዬ አካባቢ ከአንድ ቤት ጥግ አደርን። ሸክላ ሠሪዋ የራሷን ስንቅ በላች፣ እኔ የራሴን። ባይሆን እግርሽን ወደ እሳቱ አቅርቢ ልጄ አለችኝ።

በነጋታው ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ጉም ነበር። ከኋላችን የማኪና ድምፅ ሰማን። አህያዋን ከመንገድ አስወጣን። ማኪናው በቀስታ እየተንገጫገጨ አለፈን፤ በላዩ መለከቱ፣ ከመለከቱ አጠገብ ደግሞ ባሌ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። አየኝ። እኔ በዚያ ሰዓት አባቴ ቤት መድረስ ነበረብኝ፤ እዚህ መንገድ ላይ ቆሜ ሲያገኘኝ አባቴ እንዳልተነገራቸው ገባው። ምልክት አላሳየኝም። ማኪናው ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ግን አንገቱን አዙሮ ያየኝ ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ አህያዋን እያየች፣ አንቺ ቅደሚ አለችኝ። ሆዴን በእጄ ደግፌ ሄድኩ። ሩጫ ነው እንዳልል ሩጫ አይደለም፤ እርምጃም አይደለም።

ገበያው ዳር ስደርስ መለከቱ ጀምሮ ነበር። የወገራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጨው የሚመዝነው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ማኪናውን ከቦ ቆሟል፤ ከብቶቹ ደንብረው ዳር ዳር ይላሉ። ባሌ ስለ መንግሥት ምሕረት ያነባል። ድምፁ ሜዳውን ሞልቶታል። እኔ በሰው መካከል እየተሽሎከሎክሁ አባቴን ፈለግሁ። አገኘኋቸው፤ ግን ሩቅ ናቸው። ከማኪናው ፊት ለፊት ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያስቀድሱ እንዲያ ነበር የሚቆሙት።

ባሌም አያቸው። ከላይ ሆኖ ማየቱን እኔ ከታች አየሁ።

«በወገራ ሸፍቶ የነበረው…» አለና ቆመ።

ከመለከቱ ምንም አልወጣም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ተመለከተ። አስተርጓሚው ወረቀቱን በጣቱ አመለከተው። ባሌ አፉን ከፈተ፣ ጉሮሮውን በእጁ ያዘ፣ አሁንም ምንም አልወጣም። አንድ የጣሊያን መኮንን ከማኪናው ፊት ወርዶ መጮህ ጀመረ። ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ጉሮሮውን እንደያዘ ነው። አስተርጓሚው ገፋ አድርጎት ወረቀቱን ተቀበለና ራሱ ማንበብ ጀመረ። የወንድሜን ስም ጠራ። ሰዉ ግን እርስ በርሱ መነጋገር ጀምሮ ነበር፤ አንዳንዱ ወደ ጨውና ወደ ገብሱ ተመለሰ።

አባቴ ጋ ስደርስ አልተገረሙም። እጄን ይዘው ከሰዉ ጀርባ ወሰዱኝ።

«አባዬ፣ ውሸት ነው፤ እንዳይሄዱ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ሲያነብ ሰማሁ፣ ሲያቆምም ሰማሁ።»

ያንኑ ቀን ቤታቸው አላደሩም። በቅሏቸውን ጭነው እናቴን ይዘው ወደ ስሜን ዘመዶቻቸው ዘንድ ወጡ፤ ጣሊያን እስኪወጣም እዚያው ቆዩ። ከወንድሜ ሁለት ጓደኞች ግን የአንደኛው እናት ከዚያ በፊት አራዳ ላይ የተነበበውን በሰው ሰምታ ጎንደር ገብታ ነበር። ልጄን አምጡልኝ ስትል ያዟት። እስር ቤት ሳለች ሞተች።

ባሌን ከገበያው ይዘውት ተመለሱ። እኔ ጎንደር ስደርስ ታስሯል። ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስንቁን ይቀበሉኛል፣ እሱን አያሳዩኝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ድምፁ ዘግቶት እንደሆነ ወይስ አውቆ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሽማግሌ የጣሊያን ሐኪም ዘንድ አቀረቡት። ሐኪሙ ምላሱን በማንኪያ ተጭኖ ጉሮሮውን በመብራት አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። አ በል አለው፤ ባሌ ትንፋሽ ብቻ አወጣ። ሐኪሙ ማንኪያውን አስቀምጦ ለመኮንኑ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ጉሮሮህ ውስጥ እብጠት አለ፣ ድምፅህ መመለሱ አይታወቅም ተብለሃል አለው። ባሌ ጉሮሮውን አሞት አያውቅም። ሐኪሙ በእርግጥ ያየው ነገር ይኑር፣ ወይስ አዝኖለት ይሁን፣ ባሌ እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

ለቀቁት። አሁን ግን ድምፅ የሌለው ሰው መሆን ነበረበት። ከጎናችን ያለውን ቤት የተከራየው አስካሪ ነው፤ በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ባሌ ያችን ቃል አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ካቋረጣት ወዲህ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ቤት ውስጥም፣ ለእኔም። እሱ መጻፍ ይችላል፣ እኔ ማንበብ አልችልም። በእጅና በዓይን ነበር የምንነጋገረው። አንድ ጊዜ ሊያንሾካሹክ አፉን ሲከፍት አፉን በእጄ ከደንኩት። አንዱን ካንሾካሾክን ሁለተኛውን እንደማንተው ታወቀኝ።

ልጃችን የተወለደች ጊዜ ምጡ ጠንቶብኝ ነበር። እሱ ደጅ ላይ እያለቀሰ ነበር አሉ፤ ድምፅ ሳያሰማ። ሴት ልጅ ናት ሲሉት አዋላጇን እጇን ሳመ።

ክርስትና ካስነሣናት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚው መጣ። ስኳር ይዞ ነበር። እንደ ዱሮው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ፣ ልጅቱን አየ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ባሌ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ሰውዬው በጨዋታው መካከል ቀና ሳይል፣ «ልጅቱን ማን አልካት?» ብሎ ጠየቀው።

ባሌ ወደ እኔ አመለከተ። ስሟን እኔ ተናገርኩ። ስሟን የነገርኩት ቸኩዬ ነው፤ መቸኮሌን አይቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ቆመና፣ «ያ የወገራው ሽፍታ ትናንት ተገደለ» አለ። ሲናገር ባሌን አይደለም ያየው፣ እኔን ነው።

ልጄን አጠባ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጡቴን አስተካከልኩላት። የገዛ ወንድሜ ነው፤ መጮህ፣ ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት የሚገባኝ ሰው ነኝ፤ እኔ ግን የልጄን አፍ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። «እግዜር ይማረው» አልኩ፣ ስለማላውቀው ሰው እንደሚባለው አድርጌ። ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ባሌ መጥቶ ከጀርባዬ ተቀመጠና ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ከግድግዳው ማዶ አስካሪው ጫማውን ሲያራግፍ ይሰማናል። አልቅሼ ቢሆን ይወጣልኝ ነበር። ኬላው ላይ የጠራሁት ሞት መጣ እያልኩ ያንን ክረምት በሙሉ ለብቻዬ ተብሰለሰልኩ፤ ለቅሶም አልተቀመጥኩ፣ ተዝካርም አላወጣሁ።

የእንግሊዝ አውሮፕላን መምጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ገደላ ገደሉ ሸሸ። እኛ የትም አልሄድንም፤ ሞኝ ባልና ሚስት ነበርን። ቦምቡ ሲወድቅ ልጅቱ ትጮኻለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ሁለታችንን አቅፎ ዝም ይላል። በመጨረሻ አንድ ቀን ተኩሱ በረደና አርበኞቹ በአራዳ በኩል መግባት ጀመሩ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ልጃችን መራመድ ከጀመረች ሰነባብታለች፤ እኔ ሳላያት በሩን አልፋ ወደ መንገዱ ወረደች። ፈረሰኞች ቁልቁለቱን እየጋለቡ ይመጡ ነበር።

ባሌ ጮኸ። ተመለሺ ማለቱ ነው፤ የወጣው ግን ደረቅ፣ የተሰነጠቀ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ያለ ነገር ነበር። ልጅቱ ቆመች። ዞራ አባቷን አየችው፤ ከአባቷ አፍ ድምፅ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። በፍርሃት አለቀሰች። ሮጬ አነሣኋት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እሱ ሲናገር ቀሚሴ ውስጥ ትደበቅ ነበር። እሱም ሲያናግራት ራቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዳንድ ቃል ብቻ ይላታል። ክረምት እስኪገባ ድረስ አልለመደችውም። ዜማው ግን ተመልሶ አልመጣም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻውን ሆኖ ሞከረና ተወው።

ወንድሜ በሕይወት ነበር። አስተርጓሚው የተናገረው እኔን ሊፈትን ነው። ወንድሜ ጠብመንጃውን እንደያዘ ከበራችን ቆሞ ሳየው እንኳን እልል ልል ስሙን መጥራት አቃተኝ። ገባ፣ ተቀመጠ፤ ያቀረብኩለትን ግን አልነካም። አባቴ ከስሜን ተመልሰው የገበያውን ነገር ነግረውት ነበር። ባሌ ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«አባባ ነግረውኛል» አለ ወንድሜ። «አንብቦ ያቆመ ደኅና ነው። ጭራሽ ያላነበበ ይበልጣል።»

«እውነትህን ነው» አለው ባሌ።

ወንድሜ እጁን ታጥቦ ወደ ምግቡ ቀረበ። እናቱ እስር ቤት የሞተችበት የወንድሜ ጓደኛ ግን ባሌን ሰላም ሳይለው ሞተ። ለእናቱ ተዝካር ባወጣ ጊዜ ባሌ ሄዶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ማንም ግባ አላለው፣ ማንም ሂድ አላለው። ሰዉ በልቶ ሲበተን አብሮ ተመለሰ።

ጎንደር ውስጥ ያ የመለከቱ ሰው የሚሉት አልተዉትም፤ ስለዚህ ወደ ወገራ ወጣን። አባቴ መሬት ሰጡን። ባሌ ገብስ አረሰ፣ የመንደሩን ልጆች ፊደል አስቆጠረ። እዚያ ሳለን ነው ከአዲስ አበባ አንድ ሰው በበቅሎ የመጣብን። ትሁት፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ጣሊያን ሲወጣ የተበላሸውን ራዲዮ መንግሥት እንደገና እያቋቋመው እንደሆነ፣ አሁን የራሳችን እንደሆነ፣ ለአገሩ ሁሉ የሚደርስ አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚፈለግ አስረዳ። ስለ ባሌ ከጎንደር ሰዎች ሰምቶ ነበር። ድምፁ እንደ ተበላሸ ሲረዳም፣ ለሚያነቡት ልጆች አስተማሪ ይሁንልን አለ።

እኔ ልቤ ተሰቀለ። ሲፈሩ የኖሩ ሰዎች ለደስታም ሲጠሩ ይደነግጣሉ።

«ወረቀቱን ማን ነው የሚጽፈው?» ብሎ ጠየቀው ባሌ።

ሰውዬው ታማኝ ሰዎች አሉ አለ።

«ሕዝቡ የጻፈውን ሰው አያውቀውም፣ የሚያምነው የሚያነብለትን ሰው ነው» አለው ባሌ። «ለልጆቹ ይህን ብቻ ንገራቸው። ሌላ የማስተምረው የለኝም።»

ሰውዬው አልተቀየመም። ዝናቡ ሳይመጣ ልውጣ ብሎ ተነሣ፤ ባሌም እስከ ወንዙ ሸኘው። ሲመለስ ምን እንዳወሩ ጠየቅሁት። ስለ ገብስ ነው አለኝ።